ለቅሶ ቤት የገዛኋት ኮንቨርቲብል

መኪናዬን የገዛኋት ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት መሆኑን አላውቅም ነበር። ማስታወቂያው ላይ ጥቂት ፎቶ፣ ዋጋና «ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሞተሯ የሚሠራ፣ ይደውሉ» የሚል ነገር ብቻ ነው ያለው። የሻጯ ባል ሞቷል አይልም። ቢል ኖሮ አባቴን ይዤ አልሄድም ነበር።

በሃያ ሃያ ጸደይ ነው ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት። የተማርኩት ሆቴል ማኔጅመንት ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሆቴል የተማረ ሰው ሥራ አያጣም ተብዬ ነው የገባሁበት፣ ልክ ስመረቅ ኮሮና መጣና ሆቴሎቹ በሙሉ ተዘጉ። ጋውኔን ለብሼ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስሜ ላፕቶፕ ላይ ሲያልፍ አየሁ። እማዬ ብቻዋን እልል አለች፣ ከዛ መሃል ላይ ደበራት መሰለኝ አቆመችው። አባቴ አጨበጨበ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ያኔ ግን እሱም እንደኔ ቤት ነው የሚውለው።

ብዙ ቆይቶ ያገኘሁት ሥራ ከተማው ሰሜን ጫፍ ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነው። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ጀምሪ አሉኝ። እኛ የምንኖረው ደቡብ ጫፍ፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር ነው። ያለ መኪና ከዚህ እዛ መድረስ ማለት ሕልም ነው። ስለዚህ መኪና መግዛት አለብኝ፣ የምገዛውም በአንድ ዕድል ነው፤ ተማሪ ሆኜ ሪሴፕሽን ላይ ሠርቼ ያስቀመጥኩትና ለምርቃቴ ዘመድና የቸርች ሰው የሰጠኝ ብቻ ነው ያለኝ።

ሁሉም ሰው የጃፓን መኪና ግዢ አለኝ። ሁሉም። ያልጠየቅኩት ሰው ሁሉ።

እኔ ደሞ ኮንቨርቲብል ነው የፈለግኩት፣ የስልሳዎቹን፣ የአሜሪካ። ለምን ብለው ይጠይቁኛል። እኛ ከተማ ሰው የሚኖረው ተዘግቶ ነው። ከተዘጋ ጋራዥ በተዘጋ መኪና ትወጣለህ፣ የተዘጋ ፓርኪንግ ትገባለህ፣ መስኮት የሌለው ካዚኖ ውስጥ ሺፍትህን ጨርሰህ በዛው ትመለሳለህ። መስኮት የሚባል ነገር አይከፈትም፣ ኤሲ አለ። ያ ዓመት ደሞ ጭራሽ አፍንጫችንንም ዘጋው። ጣሪያ የሌለው ነገር ፈለግኩ፣ በቃ። ደሞ ነገሩ የዛ ዓመት ብቻም አይደለም። ሃይስኩል እያለሁ ጓደኞቼ የሜካፕ ቪዲዮ ሲያዩ እኔ የማየው ሰው ካርቡራተር ሲፈታ ነበር።

«ይኼ የሰካራም መኪና ነው» አለ አባቴ ፎቶዋን ሳሳየው።

«የሰካራም መኪና ደሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ጣሪያ የሌለው። ሲገለበጥ ጭንቅላት የሚቀድመው።»

«አልገለበጥም።»

«ዛሬ እገለበጣለሁ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ የለም፣ እቴ።» ከዛ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ግዢ። ገንዘቡ ያንቺ ነው። ከቆመች ግን የኔን መኪና ቁልፍ እንዳትጠይቂኝ። ሌላ መግዣ የለሽም፣ እኔም የለኝም።»

«አልጠይቅህም» አልኩት።

እዚህ ጋ ስለ አጎቴ መናገር አለብኝ። ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሌላው አይገባም። በዛው በጋ የአባቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ሞተ። መርዶ እኮ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ መጥቶ፣ አስቀምጦ፣ ይዞህ ነው የሚነግርህ። አባቴ ግን ስልኩ ላይ ነው ያነበበው። ከቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ አንድ የአክስት ልጅ ቸኩሎ የሻማ ፎቶ ለጠፈ፣ ከሥሩ የአጎቴ ስም። አባቴ ኩሽና ቆሞ ሙዝ እየላጠ ነበር። ሙዙን በላው። እኔ አይቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው በላው።

በረራ የለም። የቸርች ሰዎች ቤት መግባት አይችሉም፣ የእማዬ ሳንባ ደካማ ነው። ድስት ይዘው ይመጡና በሩ ላይ አስቀምጠው ይደውላሉ፣ «አስቀምጠናል፣ ሳይቀዘቅዝ አውጡት።» ከዛ መኪናቸው ውስጥ ሆነው መስኮት ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናናህ ወንድሜ» ይሉና እጅ ያውለበልባሉ። አባቴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ከኋላ ሌላ መኪና ተራ ይጠብቃል። ልክ በርገር የሚታዘዝበት መስኮት ይመስል ነበር። ታክሲው ሥራ ሲጀምር አባቴ ወጣ፣ ስለ አጎቴም ያወራ ሰው አልነበረም። እኔ በበኩሌ መኪና ነበር የማየው።

ብዙ አየሁ። አንዷ ሞተሯ ጭስ ይተፋል። አንዷ ቀለም ተቀብታ የውስጧ ሽቦ በአይጥ ተበልቷል። የአንዷ ባለቤት «አባትሽ ነው የሚነዳት?» ሲለኝ ጥዬው ሄድኩ። መገዛት የሚገባትን እንደማውቅ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ደሞም አውቃለሁ። ጣሪያ ያለው መኪና እንደ ሳጥን ነው፣ ከላይም ከታችም ይያዛል። ኮንቨርቲብል ላይ የላዩ የለም፣ ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ ሥሯ ነው። ከበሮቹ በታች ያለው ላሜራና መኪናዋን የሚሸከመው ሻንሲ ከዛገ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች። የቀረው ሁሉ ይሠራል፣ ሥሯ የበሰበሰ ኮንቨርቲብል ግን መኪና አይደለችም። ስለዚህ ሞተሩን ሳታዳምጥ፣ ወንበሩን ሳትነካ፣ በደረትህ ተኝተህ ከሥር ታያለህ።

የገዛኋትን መኪና ያገኘኋት በኅዳር ነው። ስደውል አሮጊት ሴት አነሳች። መምጣት እችላለሁ አልኳት፣ ነይ አለችኝ። ሌላ ነገር አልተባባልንም። አባቴ ብቻሽን አትሄጂም አለ። ገንዘብ ይዛ ሴት ልጅ የማታውቀው ሰው ቤት አትገባም። ገንዘቡ ያለበትን ፖስታ ከእጄ ወስዶ የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያኔ መጨቃጨቅ ነበረብኝ። ባትሪ መብራት፣ የምተኛበት ካርቶን፣ በካልሲ የጠቀለልኩት ማግኔት ይዤ አባቴ መኪና ውስጥ ገባሁ። ማግኔቱ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ዝገት የተደፈነበት ስቱኮ ላይ ግን አይጣበቅም።

ቤቱ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነው፣ ዳውንታውንን አልፎ፣ አጥሩ ሽቦ የሆነ፣ ሣሩ ከደረቀ የቆየ። መኪናዋ ከቤቱ ጎን ጥላው ሥር ቆማለች። ውሃ ሰማያዊ። ፀሐይ ኮፈኗን ነጭ አድርጎታል፣ ሸራዋ ጠርዙ ላይ ተተርትሯል፣ የፊት ወንበሩ ቆዳ እንደ ደረቅ ወንዝ ተሰነጣጥቋል። ይቺ ናት።

ሴትዮዋ በነጠላ ጫማ ወጣች፣ ማስክ አድርጋለች፣ ቁልፍ ይዛለች። ሰላም ተባባልን። እኔ ወዲያው ካርቶኔን መሬት ላይ አነጠፍኩ። በደረቴ ተኝቼ ጭንቅላቴ መኪናዋ ሥር ሊገባ ሲል አባቴ በእንግሊዝኛ ሲጠይቃት ሰማሁ፤

«ባለቤትዎ የሉም?»

«ባለፈው ወር አረፈ» አለች። «መኪናው የሱ ነው።»

ከዛ የአባቴ ጫማ ጎኔ መጣ።

«ተነሺ» አለኝ በአማርኛ።

«አባዬ ገና ልጀምር ነው።»

«ተነሺ አልኩሽ። ሰው ሞቶባታል።»

«ለዛ እኮ ነው የምትሸጠው!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ሐዘንተኛ ፊት መሬት ላይ ተጋድመሽ የሟች ዕቃ ትፈትሺያለሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«እሷ አማርኛ አትሰማም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

ተነሳሁ። አባቴ ኮፍያውን አውልቋል። ያን አይነት ፊት አውቀዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ነው የሚያደርገው፤ ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ይሆናል። በረንዳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ። ራቅ ያለውን ጎትቶ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ቁልፍ ልትሰጥ የወጣች ሴት ናት። ቆማ አየችው፣ አየችኝ፣ ከዛ ቀስ ብላ ሌላው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጪ» አለኝ። «ሞተሩን አዳምጪ።»

ሄድኩ። ልጅ እንደሚላክ ተላክሁ። ሞተሩን አስነሳሁት፣ ስምንቱም ሲሊንደር አንድ ላይ ጉርምርም አለ፣ ወንበሩ ሥሬ ተንቀጠቀጠ። ያምራል፣ ምን እላለሁ። ግን በሩን ስዘጋ አልገጠመም። ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወረድኩና የሚያየኝ እንደሌለ አረጋግጬ ማግኔቱን ከበሩ ሥር አስጠጋሁት። አልያዘም። ወደ ኋላ ወሰድኩት። አልያዘም። ከካልሲው አውጥቼ ሞከርኩ። ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

በረንዳው ጋ ስደርስ አባቴ ጎንበስ ብሏል፣ ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለች።

«አባዬ፣ ስቱኮ ነው። ከሥሩ በሙሉ ስቱኮ ነው።»

«በኋላ።»

«በኋላ የሚባል የለም፣ ዋጋ ሳንነጋገር...»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከቁጣ መስሎኝ ነበር። ከዛ ተነሳ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ ሰጣት። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ። አንድም ሳይቀንስ። ሴትዮዋ ሳትቆጥር ጭኗ ላይ አደረገችውና ማልቀስ ጀመረች። ከምታለቅስ ሴት ጭን ላይ ፖስታ ልቀማ? እኔ እንኳን ያን አላደርግም።

«ሊብሬውን ይዤልሻለሁ» አለኝ ወደ መኪናዎቹ ስንሄድ። እዚህ አገር ታይትል ነው የሚባለው፣ እሱ ግን ሁሌም ሊብሬ ነው የሚለው።

«ቢያንስ ልታስቀንስ አትችልም ነበር?»

«ለቅሶ ቤት ዋጋ አይከራከሩም።»

«ለቅሶ ቤት አይደለም እኮ! የሚሸጥ መኪና ያለበት ቤት ነው!»

የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ።

ወደ ቤት ጣሪያዋን ከፍቼ ነው የነዳሁት። ይኼን ልደብቅ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል። ቀኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ነፋሱ ማስኬን ከጆሮዬ ፈቶ ወሰደው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመ የካዚኖ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ቀይ መብራት ላይ አባቴ ከኋላዬ በመስታወት ይታየኛል፣ ሁለት እጁ መሪ ላይ፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ቀስ እያለ ይከተለኛል። ማግኔቱ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ነበር። ማግኔት አይሳሳትም።

እማዬ ከጋራዡ ወጥታ ዞረቻት። «በዚህ ብርድ? በዚህ?» አለች፣ ከዛ ገብታ ተቀመጠች። በሩን ስትዘጋ አልገጠመላትም። «ነገርሽ ሁሉ እንዳንቺ እልኸኛ ነው» ብላ ሳቀች።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ብየዳ የሚሠራ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሊፍቱ ላይ አድርጎ ሲያነሳት ጎማዎቹ መሬት ሲለቁ የግራ በሯ በራሱ ተከፈተ። ባትሪዬን አብርቼ ከሥሯ ቆምኩ። ላሜራው እንደ ደረቀ ቅጠል ነው፣ በጣቴ ስነካው ቡናማ ዱቄት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። በሻንሲው ላይ ባለ የአውራ ጣቴን በሚያህል ቀዳዳ አልፎ የጋራዡ መብራት ይታየኛል። መካኒኩ በዚች መኪና ሃይዌይ ላይ እንዳትወጪ አለኝ። ትጠገናለች ወይ ስለው ትጠገናለች፣ ግን ይኼን ከምሠራ ሌላ ብትገዢ ይሻላል አለኝ። በረሃ ውስጥ ብረት አይዝግም ብዬ አስብ ነበር። ይቺ ግን የበረሃ ልጅ አልነበረችም።

ቤት ስገባ አባቴ ዜና እያየ ነው።

«ነገ ሴትዮዋ ጋ ልሄድ ነው» አልኩት። «አታላናለች።»

«አትሄጂም።»

«ገንዘቤ ነው።»

«ሐዘን ላይ ያለች ሴት በር አንኳኩተሽ ገንዘብ መልሺ ልትያት ነው?»

«አዎ።»

«አትሄጂም።»

ሄድኩ። በዛችው መኪና፣ በውስጥ መንገድ፣ በየጉብታው ጥርሴን ነክሼ።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ፈገግ አለች፣ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ። «ሀኒ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» አለች። ሥሯ ብስብስ ነው አልኳት። በዚህ ቃል። ታውቂ ነበር ወይ አልኳት።

«አውቃለሁ እንጂ» አለች። «ለአባትሽ ነግሬዋለሁ።»

ቆምኩ።

ባሏ መኪናዋን ከውቅያኖስ ዳርቻ ነው ያመጣት፣ ጨው ሲበላት የኖረች ናት። ጡረታ ስወጣ እበይዳታለሁ እያለ ስቱኮ እየደፈነ ቆየ። ሴትዮዋ ይኼን ሁሉ በረንዳው ላይ ለአባቴ ተናግራለች። ከሥር እየው ብላዋለች፤ ለሱ ብዬ ዋጋ እቀንሳለሁም ብላዋለች። እኔ ያኔ መኪናዋ ውስጥ ሞተር እያዳመጥኩ ነበር።

«እሱ ምን አለ?»

«ዛሬ የዚህ ቀን አይደለም አለኝ። ስለሱ አታስቢ አለኝ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከዛ ስለ ወንድሙ ነገረኝ። ብዙ አለቀሰ። የምሰጠው ሶፍት አጥቼ የወጥ ቤት ወረቀት ነው ያመጣሁለት። አባትሽ በጣም ደግ ሰው ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ መጥቶ አብሮኝ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው።»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በዛ በጋ እንኳን። ሙዙን በላ አልኳችሁ አይደል።

ማዘን ነበረብኝ መሰለኝ። የመጣልኝ ግን ንዴት ነው። ገንዘቡን መልሺልኝ አልኳት፣ ቢያንስ የምትቀንሺውን። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ለቀብር አስፈጻሚዎቹ ከፍዬዋለሁ አለች። ውሸት አልመሰለኝም። ከዛ ወደ ጓሮ ገብታ የባሏን የመፍቻ ሳጥን እየጎተተች መጣች፣ ቀይ፣ ከባድ። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፣ አንቺ አጠቃቀሙን የምታውቂ ይመስለኛል አለች። ይሉኝታ ያለው ሰው እምቢ ይላል። እኔ ተቀበልኩ። ሁለታችን ተሸክመን ኋላ ጫንነው።

አባቴ ሳጥኑን ያየው ጋራዥ ውስጥ ሳወርደው ነው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሰጠችኝ።»

«የሟች መሣሪያ? ከሚስቱ እጅ?» ፊቱ ነጣ። «ደህና አርገሽ አዋረድሽኝ።»

«ነግራህ ነበር» አልኩት።

ወደ ኩሽናው በር ዞረ።

«አባዬ፣ ነግራህ ነበር። እቀንሳለሁ ብላህ ነበር። ከሥር እየው ብላህ ነበር። እኔ ደሞ ማግኔት ይዤ እንደ ውሻ ስዞር አንተ ተቀምጠህ ነበር።»

«ምን ልበላት? ባልሽ ያበላሸውን ልቁጠርልሽ?»

«እየው ብላህ እኮ ነው! ራሷ!»

«ሰው ሲያዝን ብዙ ይላል። ያለውን ሁሉ አይወሰድበትም።»

«እሷን አይደለም ያዘንክላት» አልኩት። «የወንድምህን ለቅሶ ነው የተቀመጥከው። በኔ መኪና።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ቁጭ ሲል ሽማግሌ መሰለኝ።

«እኔ ቤት ማን ተቀመጠ?» አለ። «በመስኮት እጅ አውለበለቡልኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ያሳደገኝ። ያቺ ሴት ‹ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር› አለችኝ። አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅኩህም» አልኩ። «አሁንም አልጠይቅህም። መኪናዬን ነው የምጠይቅህ።»

ይኼን ስል ራሴን ሰማሁት። ድምፄ ጋራዡ ውስጥ ተመልሶ መጣ። እማዬ የኩሽናውን በር ከፍታ አየችን፣ መልሳ ዘጋችው።

መኪናዋን ከዓመቱ መገባደጃ በፊት ሸጥኳት። ለመለዋወጫ ለሚፈቷት። ሞተሯን የሚፈልግ ሰው ተሳቢ ይዞ መጣ። ከሥሯ ያለውን ሁሉ አሳየሁት፣ እሱም ተኝቶ አየ፣ በጣቱ ነካ፣ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። እንዲህ ነው መኪና የሚገዛው። አባቴ ስንጭናት መጥቶ ከኋላ ገፋ። ያልጠራሁት ነው። ሰውዬው ሲሄድ አባቴ ጋራዡ ወለል ላይ የቀረውን ዘይት በካርቶን ጠረገ።

ሳጥኑ አንድ ቅዳሜ ከጋራዡ ጠፋ። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም። አባቴ ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰው። ከዛ በሌላ ቅዳሜም ሄደ፣ ብርቱካን ገዝቶ። እማዬ «የእሱ ሐዘንተኛ» ትላታለች።

ሥራ ጀመርኩ። አባቴ ያደርሰኛል። ቁልፉን አልጠየቅኩም፣ ቃል ገብቼ የለ፣ እሱም አልሰጠኝም። ማለዳ ከኢንተርፕራይዝ ተነስተን ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እናቋርጣለን፣ መስኮት ዘግተን፣ ማሞቂያ ከፍተን። እሱ መንገዱን ያያል፣ እኔ ስልኬን። ኦቨርታይም አለሽ ወይ ይለኛል፣ አለ ወይም የለም እለዋለሁ። ከፊት ወንበር ስለምቀመጥ ተሳፋሪ አልመስልም፣ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ተሳፋሪዎቹን ግን ከየት መጣችሁ ብሎ ይጠይቃቸዋል።

የካቲት አካባቢ ነው፣ ሃይዌዩ ላይ ትራፊክ ይዞን ስልኩ በመኪናው ስፒከር ጠራ። ሳያስበው አነሳው። የሴትዮዋ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ» አለች እየሳቀች። «ታሪኩን ሳትጨርስልኝ ሄድክ። ወንድምህ በጉን ይዞ የተሳሳተ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። እሺ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ናዝሬት ሲነቃ በጉ የት ነው?»

አባቴ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል፣ ትከሻው ሁሉ ነበር የሚስቀው። «በጉማ» አለ በእንግሊዝኛ፣ «በጉማ ከሾፌሩ ጋር...»

ከዛ ጎኑ መቀመጤ ትዝ አለው። አየሁት፣ ፊቱ ሲዘጋ አየሁት።

«በኋላ ልደውልልሽ» አላት። «ልጄን ሥራ እያደረስኩ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ማሞቂያው ብቻ ይሰማል። ከፊታችን ያለው ጭነት መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀሳቀስን። ያ አጎቴ በግ ይዞ አውቶቡስ የሚሳሳት ዓይነት ሰው እንደነበር አላውቅም ነበር። በጉ ከሾፌሩ ጋር ምን ሆነ ብዬ ልጠይቀው ነበር። እስከ መጋዘኑ መታጠፊያ ድረስ ልጠይቀው ነበር። ግን እሱ ከንፈሩን ገጥሞ በሩ ጋ ፓርክ አደረገ፣ የመግቢያ ባጄን ከቦርሳዬ ፈለግኩ፣ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋብን።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

«እደውላለሁ» ብዬ ወረድኩ።